ተሾመ ያላነበበው ግጥም

ከሰል ባየሁ ቁጥር የሸዋሮቢቱ ደባሌ፣ መምህር ተሾመ ይናፍቀኛል። በደርግ ጊዜ ካድሬ ያላየው ግጥም መድረክ ላይ አይነበብም ነበር። ተሾመም አላነበበም። በታፈነው የቀበሌ አዳራሽ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ወጥቶ ዝም ብሎ ቆመ። ደረቱ ላይ በከሰል የተጻፈው ከላቡ ጋር መውረድ ሲጀምር፣ ልጃቸው ዘምቶ ወሬው የጠፋባቸው እትዬ ዘነበች፣ በመሠረተ ትምህርት እንደለመዱት ፊደል በፊደል ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ማ... ሽ... ላው እቤት ገባ።»

ሰው ሳቀ። ካድሬው ግን ብድግ አለ። «ምን ዓይነት ብልግና ነው! ዙር! ጀርባህን አዙረህ ውጣ!»

ጀርባውን የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ።

ተሾመ በቀስታ ዞረ። እትዬ ዘነበች ንባባቸውን ቀጠሉ፦

«ል... ጆ... ቻ... ችንስ?»