ጥቁር ከሆነ ለቅሶ ነው

ካዛንችስ፣ ስክሪን ፕሪንት ቤታችን ውስጥ ሥራ የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ደንባችን አጭር ነው፦ ነጭ ቲሸርት ከታዘዘ ምርቃት፣ ጥቁር ላይ የሽማግሌ ፎቶ ከሆነ ለቅሶ። በቃ፣ አንጠይቅም፤ ከፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» እንጨምራለን።

አንድ ቀን ባርኔጣ ያደረጉ አባት የታዘዙ ጥቁር ቲሸርቶችን ሊወስዱ መጡ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ «እግዜር ያጥናዎት አባባ፤ ሟቹ ምንዎ ነበሩ?» አልኳቸው።

«የቱ ሟች?»

አንዱን ቲሸርት ዘረጋሁላቸው። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፎቶው ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው!

«ዛሬ ጡረታ መውጫዬ ነው» አሉ። «የቢሮ ጓደኞቼ ሊለብሱት ነው ያዘዙት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ማለቴ... አሁኑኑ ሌላ እናትማለን አባባ!»

እሳቸው ግን አንዱን ከሸሚዛቸው በላይ አጠለቁና የቀረውን በፌስታል አንጠልጥለው ወጡ።

«ተዪው ልጄ፤ በቁሜ ማን እንደሚያለቅስልኝ ልይ!»