ሰቆጣ ላይ ለእንግዶች የጻፍኩት ወረቀት

ያን ቀን ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ላይ አንድ ወረቀት በሚስማር እየመታሁ ነበር... ቦታው ሰቆጣ ነው። ዘመኑ የንጉሡ መጨረሻ፣ ዝናብ የከዳን ጊዜ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ።

ወረቀቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሃያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ከዓለት የተፈለፈለውን ውቅር ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ዩጎዝላቪያ ተምሬ ነው የተመለስኩት። እዚያ፣ የጥንት ግንብ ያለው አንድ ከተማ ደርሼ ከባቡር ስወርድ አንዲት ተማሪ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። የት እንደምተኛ፣ የት እንደምበላ፣ ልብሴን የት እንደማሳጥብ፣ ብታመም ማንን እንደምጠይቅ ይላል። ሰው በማላውቅበት አገር ያች ወረቀት ዘመድ ሆነችኝ።

ይህን ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ስለኖርኩ፣ የእንግዳ አቀባበሉን የሚመሩት ኃላፊ ጠሩኝና «እንደዚያ ያለ ነገር ጻፍልን፤ አገራችንን እንዳታሰድብ» አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈጅቼ በጽሕፈት መኪና ጻፍኩ፤ ለየእንግዳው አንድ አንድ ቅጂ፣ ለበሩም አንድ። ኮራሁበትም።

የመጨረሻውን ሚስማር መትቼ ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል። ከእኛው ቆላ፣ ከዝቋላ በኩል የመጡ ናቸው። በዚያ ሰሞን ከቆላው የተሰደደው ሰው በየአጥሩ ሥር ነበር የሚቀመጠው... እኛም አይተን እንዳላየን ማለፍ ለምደን ነበር። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፋለች።

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ለእንግዶች ነው፣ አባቴ። ዛሬ ይገባሉ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

እውነቱን ልናገር... የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ወደ ሰቆጣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዱ አድክሟችኋልና መጀመሪያ ዕረፉ። ማደሪያችሁ ትምህርት ቤቱ ነው። ምግብ በግቢው ውስጥ ተዘጋጅቶላችኋል። ውሃው የፈላ ነውና ሳትሰጉ ጠጡ። የታመመ ካለ ለአስተማሪዎቹ ይንገር።»

ሽማግሌው «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው ለተቀመጡት ሰዎች በቋንቋቸው፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ ወንበር ላስተካክል ወደ ውስጥ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ ብወጣ በሩ ላይ ሰልፍ ቆሟል።

አርባ ሰው ይሆናል። ሕፃን ያዘሉት ከፊት፣ ሽማግሎች ቀጥለው፣ ጎልማሶቹ ከኋላ። ግማሹ ቅል፣ ግማሹ ጣሳ ይዟል። ግፊያ የለም፣ ድምፅ የለም። ሽማግሌው ዳር ቆመው ያሰልፋሉ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ለእናንተ አይደለም» አልኳቸው። «ለእንግዶች ነው።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እኛስ ምንድን ነን? ከመጣን አምስት ቀናችን ነው። እዚህ አገር የሚያውቀን የለም።»

በዚህ መሐል ኃላፊው ደረሱ። «ማነው የጠራቸው?» ሲሉ ዘበኛው በአገጩ ወደ እኔ አሳየ። ኃላፊው ጠጋ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያው አንተው መልሳቸው። እንግዶቹ ይሄን እንዲያዩ አልፈልግም። ካልሆነ ከነገ ጀምሮ እዚህ አታስተምርም» አሉኝ።

በዱላ ከሚባረሩ ብዬ ነው ያደረግኩት እያልኩ ራሴን ስንት ዓመት አጽናንቻለሁ... አይደለም። ሥራዬን ፈርቼ ነው።

«ቦታው ተቀይሯል፣ አባቴ» አልኳቸው። «ምግቡ የሚታደለው ከወንዙ ማዶ፣ ሾላው ሥር ነው።»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል?»

«ይላል።»

አመኑኝ። ለሰዎቹ በቋንቋቸው ነገሯቸው። ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ገቡ። ሁለት በግ ታርዶ፣ ዳቦ ተቆርሶ በሉ፣ ጠጡ። አንዷ የደረሳትን ቅጂ አመስግና ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው። አንዱ ልጅ ደግሞ፣ «በዚህ በኩል ችግር አለ ሲባል ሰምተን ነበር፤ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ኃላፊው ከወዲያ ማዶ እያዩኝ ነው። «ዝናቡ ትንሽ ዘግይቶብናል» አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎቹ በበቅሎ ወደ ውቅሩ ሄዱ። እኔ የተረፈውን ዳቦ በጆንያ ሰብስቤ ወንዙን ተሻገርኩ። ተበትነዋል ብዬ ነበር... እንዲበተኑ ፈልጌም ነበር መሰለኝ።

አልተበተኑም። ሾላው ሥር በተራ በተራ ተቀምጠዋል፤ ሕፃን ያዘሉት ከፊት፣ ሽማግሎች ቀጥለው። ሽማግሌው መቆም አቅቷቸው ግንዱን ተደግፈዋል።

«መጣህ?» አሉኝ። «እነዚህ ዋሽቶናል ሲሉኝ አደሩ። መምህር ነው፣ ከወረቀት አንብቦ ነው የነገረን፣ አይዋሽም አልኳቸው።»

ዳቦው ለልጆቹና ለሚያጠቡት እንኳ በቅጡ አልደረሰም። ለሳቸው አንድ ቁራሽ ሰጠኋቸው፤ ለልጃቸው አሳለፉት። ከዚያ ጎንበስ በል ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና መረቁኝ።

«ቃልህን ያጽናልህ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ... አልነገርኳቸውም።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ስሄድ ማንም የለም። ውሃ የሚቀዱ ሴቶችን ጠየቅኩ። ሰዎቹ በቆረም መንገድ ወጥተዋል አሉኝ፤ ሽማግሌውን ግን እዚያው ወንዙ ዳር ቀብረዋቸው ነው የሄዱት።

እርግማንን ሰው ይለምደዋል... ያን ምርቃት ግን እኔ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።