ውስጥ እጅ ሲበላ

በሆስፒታሉ የእርግዝና ክትትል ወረፋ መሀል ነርሷ ዓይኗን የጣለችባት ነፍሰ ጡር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ውስጥ እግሯን ከወንበሩ ቀዝቃዛ ብረት ጋር ትፈትጋለች። የፀጉር ማበጠሪያ ይዛለች፤ የምታክበት ግን መዳፏን ነው።

«እጄን ሲበላኝ አማቴ ‹ገንዘብ ሊመጣልሽ ነው› አሉኝ። እግሬን ሲበላኝ ደግሞ ‹መንገድ አለብሽ›። ይኸው መንገዱ እዚህ ጣለኝ!»

ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ነርሷ ግን ሽፍታ የሌለው ማሳከክ አላማራትምና ቶሎ አስገባቻት።

የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስ ሐኪሟ ጉዱን አወጣችው፤ በእርግዝናው ሰበብ ጉበቷ ሐሞቱን በወጉ ማውረድ አቅቶት ወደ ደሟ እየለቀቀው ነው፤ የሚያሳክካትም ይኸው ነው።

«ጉበት በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ጭራሽ እሱ ይብላኝ?»

ሐኪሟ እየሳቀች ኪኒን አዘዘችላት፤ ፅንሱንም እንዳይጎዳው በቅርብ እየተከታተሉ ቀኑ ሳይደርስ እንደሚያዋልዷት ነገረቻት።

ነርሷ ክንዷን ደግፋ ስትሸኛት ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆም አለች።

«የመጀመሪያውን ሳረግዝም እንዲሁ በልቶኝ ነበር» አለች፣ ማበጠሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ያኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ገንዘቡም አልመጣ፤ መንገዱንም የሄደው ልጄ ነው።»