አባቴ እሳት ውስጥ የጣሉት መፋቂያ

ልጅ ጥርሱን ሳይፍቅ ከደጄ ሲወጣ ካየሁ አልምረውም። ጎረቤቶቼ «ይህች ሴት እግዜር የፈጠረውን ጥርስ አስፍቃ ልትጨርሰው ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የአባቴን አሟሟት ያላየ ቢስቅ ምን ይደንቃል?

አባቴ ከጉና ግርጌ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ እሳቸው ቤት ተመልሻለሁ፤ ገብስ እየፈተግሁ፣ ከእናቴ ጋር እየተነታረክሁ እኖራለሁ። ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ ሆነው፣ ካህን በዝቷል፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው ይረስ ብለው ያዘዙበት ዘመን ነው። በእኛ ደብር ከቀሩት ሁለት ቄሶች አንዱ አባቴ ሆኑ። የምንበላበት የቤተ ክርስቲያን መሬት ደግሞ ለሚቀድስ ብቻ ነው፤ መቀደስ ያቆመ መሬቱን ይለቃል። ከተሰናበቱት አንዱ፣ ድምፃቸው የሚያምር ቄስ፣ እሑድ እሑድ ከቅጽሩ በር ቆመው ወደ መቅደሱ ይመለከታሉ። ምን እንደሚጠብቁ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ የአባቴ ድድ መድማት ጀመረ። የወይራ ጭራሮ ቆርጠው፣ ጫፉን አኝከው ሲፍቁ ምራቃቸው ቀልቶ ይወጣል። በእኛ ዘንድ ከሰውነቱ ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም፣ ጽዋ አይነካም፤ እንቅፋት መትቶት እግሩ የደማ እንኳ ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድስ። አንድ እሑድ አባቴ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሊገቡ ሲሉ ዲያቆኑ ከንፈራቸው ላይ ደም አየ። ልብሱን አውልቀው ወጡ። እኒያ በር ላይ የቆሙት ቄስ ተጠርተው ገቡና በዚያ ድምፃቸው ቀደሱ። ሕዝቡ ደስ አለው። አባቴን ያ የሕዝቡ ደስታ ነው የገደላቸው ብል ሐሰት አይሆንም።

የዚያን ዕለት ቤት እንደገቡ መፋቂያቸውን ሁሉ ሰብስበው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ደሙን የሚያመጣው እንጨቱ ነው፣ እንጨት ያልነካው ድድ አይደማም አሉ። እናቴ ነገር በሆዷ የማይውልላት ሴት ናት፤ ዝም አላለችም።

«በረት ሳይጠረግ ሲከርም የላሟ ኮቴ ይበሰብሳል። የርስዎም አፍ እንደዚያው ነው። ትንሽ ቀን ይድማ ግዴለም፤ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ በለስላሳ እንጨት ቀስ ብለው ይፋቁት። ቆሻሻው ሲለቅ ደሙም ይተዋል።»

ከራሷ አፍ ያወቀችውን ነው የተናገረችው፤ እኔን ባረገዘች ጊዜ ድዷ እንዲሁ ደምቶ፣ መፋቋን ሳትተው ሽሮላት ነበር። አባቴ ግን «ትንሽ ቀን» ያለችውን ብቻ ሰሙ። ትንሽ ቀን ከመቅደስ ከቀሩ እዚያ የገባውን ሰው ማን ያስወጣዋል?

የሚያናድደው፣ ደሙ ለጊዜው እውነትም ቀረ። አባቴ ወደ መቅደስ ተመልሰው እንደ ቀድሞው ቀደሱ፤ አላልኋችሁም እያሉ በእናቴ አሾፉባት። የጨው ውሃውንም ቁስል ይከፍታል ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። ዓመት ሳይሞላ ግን አፋቸው ይሸት ጀመር። መስቀል የሚሳለመው ሰው ትንፋሹን ይዞ ጎንበስ ይልና ፈጥኖ ይሸሻል። ድዳቸው እየሸሸ ጥርሳቸው የረዘመ መሰለ፣ ኋላም ተነቃነቀ። ቆሎ ተዉ፤ እንጀራውንም በውሃ አርሰው በአንድ ጎን ማላመጥ ያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል እያሉ አገሩን የሚመክሩ ሰው፣ የራሳቸው ቤት ሲቃጠል ቁጭ ብለው አዩ።

ይፋግ ገበያ ወርጄ ቅርንፉድ ገዛሁላቸው። ጥርሳቸው ላይ ሲያደርጉት ሕመሙ ይተኛል፤ በሽታው ግን አልተኛም። አንድ ቀን ንዴቱ አነቀኝና፣ መሬቱን ይውሰዱት፣ እኔ ሰው ቤት ፈጭቼም ቢሆን አበላዎታለሁ አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«መሬቱን ብቻ መሰለሽ የኔ ልጅ? እኔ ከመቅደስ ውጭ ምንድን ነኝ?»

ቅርንፉዱን ወቅጬ ጥርሳቸው ላይ አደረግሁላቸው።

ኅዳር ላይ፣ ለማርያም ንግሥ ጥቂት ሲቀረው፣ ግራ መንጋጋቸው አበጠ። በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ቀጥቃጭ ከገበያው ዳር አለ፤ ልጥራው ብላቸው እምቢ አሉ። ጥርስ ከተነቀለ ይደማል፣ ከደማ ንግሡ ቀረባቸው። ከበዓሉ በኋላ አሉ። በዓሉም ደረሰ። እብጠቱን በነጠላ ጠቅልለው፣ ጥምጣማቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። ከእሳቸው ጋር የቀደሱት ባልንጀራቸው ቄስ በኋላ እንደነገሩን፣ ቅዳሴው መሐል ላይ አባቴ ድንገት ቃል አቋረጡ፤ እብጠቱ አፋቸው ውስጥ ፈንድቶ ነበር። ቢተፉት ደሙን ሰው ሊያይ ነው። ዋጡትና ቅዳሴውን ቀጠሉ።

ቤት ሲደርሱ ይንቀጠቀጣሉ። በማግሥቱ እብጠቱ ወደ አንገታቸው ወረደ፣ ትኩሳቱ እንደ ምጣድ አጋላቸው፣ መንጋጋቸው ተቆለፈ። ውሃ በጨርቅ እያራስን ከንፈራቸው ላይ እንጨምቃለን። እንደማይተርፉ ስናውቅ ባልንጀራቸውን አስጠራን፤ ሥጋ ወደሙ ይዘው መጡ።

እናቴ በጣቷ ጥርሳቸውን ልታላቅቅ ስትሞክር መግልና ደም ተቀላቅሎ በጉንጫቸው ወረደ። ቄሱ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ ለሞት የቀረበን ሰው ደም አይከለክለውም፣ ያቁርቧቸው ብላ ለመነች። ቄሱ እንባቸው እየወረደ አባቴን አዩዋቸው፤ ፈቃዳቸውን መጠየቃቸው ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን በጭንቅ አንሥተው ወዘወዙ፤ ይመልሱት ማለታቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ሁሉ መከራ የተሸከሙለትን ቁርባን በገዛ እጃቸው መለሱት። ሊነጋጋ ሲል ሞቱ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አርባቸው ሳይወጣ መሬቱ ለእኒያ ለበር ቆሚው ቄስ ተሰጠ። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም ልጆች ነበሯቸው። እኔና እናቴ ዕቃችንን በአንድ በቅሎ ጭነን ወጣን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሞቱበትን ጠዋት ነው። ካህናቱ አጥበው ሊገንዟቸው ገና አልደረሱም። እናቴ አታለቅስም። ከአጥሩ ወይራ ቁረጭ አለችኝ። ቆርጬ፣ ልጬ፣ ጫፉን በራሴ ጥርስ አኝኬ አለስልሼ ሰጠኋት። ከንፈራቸውን ገልጣ፣ አንድ ባንድ፣ ከድዱ ጀምራ ፋቀችላቸው፤ ሕፃን እንደምታጥብ ቀስ ብላ።

«አሁንስ ማን ይከለክለናል?» አለች።

እንጨቱን አየሁት። ጠብታ ደም አልነበረበትም።