«አለ» የሚለው ዝርዝር

ኮሌጅ የገባሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ «አደይ» ይለኛል፤ እናቴ ማለቱ ነው። እሱ ራሱ የልጅ ልጅ አለው።

ለመመረቂያ የጻፍኩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚፈተነው በእሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ነበር። እዚያ ካልሠራ ዓመቱን መድገም ነው። ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ የሚያስኬደው ሌላ ሶፍትዌር ይፈልጋል። የዚያም ቨርዥን ብዙ ነው፤ በአንዱ የሠራው በሌላው ይገተራል። የእኔ የተጻፈው ለሃያኛው ነው። ስለዚህ ሄጄ ጠየቅሁት።

«የትኛው ቨርዥን አለ?»

«ኩሉ አሎ፣ አደይ! ሁሉም አለ።»

«ሃያኛውም?»

«አለ አልኩሽ እኮ።»

መቀሌ ኖሬ «አለ» ምን ማለት እንደሆነ መርሳቴ ያሳፍራል። ሮማናት አደባባይ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብተው ዕቃ ሲጠይቁ ባለሱቁ «አለ» ይልና ወንበር ያቀርባል፤ ከዚያ ዕቃውን ከሌላ ሰው ሱቅ ሊያመጣ ይወጣል። አልዋሸም። ዕቃው በዓለም ላይ አለ።

እኔ ግን በወሬ አላምንምና ያሉትን ቨርዥኖች የምትዘረዝር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሳስነሣት ገጽ ሙሉ ዘረዘረች። ኃላፊው ደስ ብሎት አትሞ «የላቦራቶሪያችን ሀብት» በሚል ርእስ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሃያኛውን ልጠቀም ብል ግን የለም። ለካ ዘርዛሪዋ ፕሮግራሜ የምትጠይቀው ኢንተርኔቱን ኖሯል፤ ሊወርድ የሚችለውን ሁሉ «አለ» ትላለች። በገዛ እጄ አንድ ባለሱቅ ጨምሬያለሁ።

ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ «እዚህ አለ» እና «ሌላ ቦታ አለ»። በመጀመሪያው ሥር አንዲት መስመር ብቻ ወጣች፤ ስምንተኛው ቨርዥን።

ኃላፊው አንገቱን አስግጎ አየ። «አደይ፣ ምን በደልኩሽ? ይኼን እኮ ፈታኞቹ ያዩታል!»

«እንዲያዩት ነው።»

«‹ሌላ ቦታ› የሚለውን ‹በሒደት ላይ› በይው።»

«በሒደት ላይ ያለ ነገር ፕሮግራም አያስኬድም።»

«እሺ፣ የድሮውን ዝርዝር መልሺ፤ ሃያኛውን ከወንድሜ ቢሮ በፍላሽ አመጣልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ይመጣል!»

አልጠበቅሁም። ሦስት ቀን ተቀምጬ ሥራዬን በሙሉ ለስምንተኛው ቨርዥን እንደገና ጻፍኩት።

በፈተናው ቀን ፕሮግራሙ ሳይደናቀፍ ሄደ። ዋናው ፈታኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ዝርዝር አይቶ ወደ ኃላፊው ዞረ።

«አንድ ብቻ ነው ያላችሁ?»

«ሌሎቹም አሉ።»

«የት?»

ኃላፊው እኔን አየኝ። እኔ ስክሪኑን አየሁ። ፈታኙ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ሌላ ቦታ።»

አለፍኩ። ዓመቱን አልደገምኩም። በውጤቴ ወረቀት ግርጌ ግን «ሥራው ጥሩ ነው፤ ተማሪዋ ለተቋሙ ገፅታ ብትጠነቀቅ» የሚል የፈታኞቹ አስተያየት ነበረበት። «ገፅታ» በፀሐዩ ፀ ነው የተጻፈው። በእርሳስ ወደ ጸሎቱ ጸ አርሜ ፈርሜ መለስኩላቸው።