የመርሳው ቦምቦሊኖ ቤት

እኔ በቦምቦሊኖ ቀልድ አላውቅም። መርሳ ጥሩ ቦምቦሊኖ ቤት አለ ሲሉኝ ከወልድያ በሚኒባስ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂው "ያ አረንጓዴው በር ነው" ብሎ አወረደኝ። የቦምቦሊኖው ሽታ ሰፈሩን አውዶታል፤ በሩም ክፍት ነው። "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ገባሁ።

አንድ ሽማግሌ ከመደባቸው ብድግ ብለው "መርሀባ፣ ግባ ልጄ" አሉኝና ትራስ አስደገፉኝ። መስተንግዶ እንዲህ ነው እንጂ! አልኩ በልቤ።

"ሁለት ቦምቦሊኖና ሻይ" ስል ባለቤታቸው ሻሻቸውን አስተካክለው በጓሮ በር ወጡ። ይዘውት የመጡት ቦምቦሊኖ ጣት ያስልሳል። ሁለት አስጨመርኩ፤ እንደገና ወጡ። ሽማግሌው ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ይጠይቁኛል። እኔም ተመቸኝና "እናቴ፣ ይሄኛው በረድ ብሏል፤ ትኩስ ይኖራል?" አልኩ። ቅር ሳይላቸው ለሦስተኛ ጊዜ ወጡ።

ጠግቤ "ሂሳብ?" ስል ሁለቱ ተያዩ።

"የምን ሂሳብ?" አሉ ሽማግሌው።

"የቦምቦሊኖው ነዋ! ቦምቦሊኖ ቤት አይደለም እንዴ?"

"እሱስ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው ልጄ። ይሄ መኖሪያችን ነው።"

ከተደገፍኩበት ብድግ አልኩ። "ታዲያ ስገባ ምነው ቢነግሩኝ?"

"እንግዳ ያማረውን ሲናገር የለም ይባላል?"

ባለቤታቸው ሳህኑን እያነሱ ሳቁ።

"ሌላ ቀን ስትመጣ ግን በዚያ በር እለፍና አንተው ይዘህልን ና። ዛሬ ጉልበቴን ጨረስከው።"