ለብቻው የቀረበ ሳህን

ሙዝደሊፋ ከመብላቱ በፊት ስልኩን ያነሳል። ሳህኑን ብርሃን ወዳለበት ያስጠጋና ጥላው እንዳያርፍበት ዘወር ብሎ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያም ማንም ወደማይመልስበት የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል።

ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ቡታጅራ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ከታላቅ እህቱ ከመሕቡባና ከባሏ ከዑመይር ጋር ይኖራል፤ ቤታቸው እንግዳ አይጠፋውም። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ገብቶ “ይሄ አይሆንለትም” ተብሎ ተመልሷል። አንዴ የገባውን ግን አይለቅም። በነመሕቡባ ቤት የራስ ድርሻ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ትሪው መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ይበላል። ሙዝደሊፋ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ባያገኝ እንኳ ምሳ ላይ ክርኑ ከሰው ክርን ጋር ይነካካል። ከቀኑ ሁሉ የሚወደው ያንን ሰዓት ነበር።

አምና ሰውነቱ ከበደ፤ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ያለከልካል። ሐኪሙም ስኳር ሊይዘው ጫፍ ላይ ነው አለ። በዚያው ሰሞን እንደሱ ላሉ አዋቂዎች ጤና የታሰበ ፕሮጀክት ከተማው ገባ። አሰልጣኟ ማዕዶት ከወልቂጤ የመጣች ሳቂታ ልጅ ናት። ስብከት አታበዛም። ከበሮ እየመታች ታስጨፍራቸዋለች፤ በቀለም ሳህን ታስላቸዋለች፣ ግማሹን ለአትክልት አረንጓዴ። ስልካቸው ላይ ደግሞ እርምጃ የሚቆጥርና በቂ ሲሄዱ የሚያጨበጭብ መተግበሪያ ጫነችላቸው። ሙዝደሊፋ ለዚያች ጭብጨባ ሲል በየቀኑ እስከ በርበሬ ተራ ደርሶ ይመለስ ጀመር።

ጣጣው የመጣው በፎቶው ነው። “ምሳችሁን አንሱና ግሩፑ ላይ ላኩልኝ” ስትላቸው ሙዝደሊፋ ትሪውን ላከ፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ዙሪያውን ደግሞ የቤተሰቡ እጅ።

“ሙዜዬ፣ ያንተ የቱ ነው?” አለችው በድምፅ መልእክት።

እሱም ያንኑ ትሪ ደግሞ ላከላት። ማዕዶትም ቤት ድረስ መጥታ የሚበላው መጠን እንዲታወቅ ለብቻው ሳህን እንዲቀርብለት መሕቡባን ለመነቻት። ክፋት የለበትም። ግን ሰውን ከትሪ አስነስቶ ግድግዳ ሥር የሚያስቀምጥ ጤና ምን ዓይነት ጤና ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። በዚያ ቤት ለብቻው የሚቀርብለት በሽተኛ ብቻ ነው። ሙዝደሊፋም የተረዳው እንደዚያው ነው፤ ታምሟል፣ ሲድን ይመለሳል።

መጀመሪያ ላይ አልከበደውም። “ጎበዝ ሙዜ! ጎመኑ አሪፍ ነው!” የሚል የማዕዶት ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ አብራው የምትበላ ይመስለው ነበር። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። “መላክ እንዳታቆሙ” ብላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ተሰናብታቸው ሄደች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተዉት። እሱ አታቁሙ ተብሏልና አላቆመም። እሷም ለጥቂት ጊዜ የልብ ምልክት ትልክለት ነበር፤ ኋላ ሌላ ሥራ ያዘችና ያም ቀረ።

እነመሕቡባ ትሪው ዙሪያ እየተጫወቱ ይበላሉ፤ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ጎመኑን ያላምጣል። የጠላው የለም። ለመዱት፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ውጤቱን አየችና “ማሻአላህ! ስኳርህ ወርዷል፤ ጤነኛ ነህ” አለችው። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም። ባጃጅ እንኳ ሳይጠብቅ እየሮጠ ቤቱ ገባ። ዑመይር ከእንሴኖ የመጡ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ምሳ ላይ ነው፤ መሕቡባም አብራቸው ትበላለች።

“አሰላሙ ዐለይኩም!”

“ወዐለይኩም ሰላም። ና ሙዜ፣ ሳህንህን ከድኜልሃለሁ” አለችው መሕቡባ።

“ድኛለሁ እኮ! ጤነኛ ነህ አለችኝ።” ሳህኑን አመጣና ያለውን ሁሉ ትሪው ላይ ገለበጠው። “አሁን ከናንተ ጋር ልብላ?”

የመሕቡባ እጅ አፏ ሳይደርስ ቀረ። “ውይ ወንድሜን! ማን ከለከለህ?”

“አሞኝ ነበራ። ለብቻው የሚበላ የታመመ ሰው ነዋ።”

ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲጠብቅ እንደኖረ ያኔ ገባት። ዑመይርም ደንግጦ “ና፣ ና እዚህ” ብሎ ተጠጋለት። ሙዝደሊፋ እጁን ታጥቦ በእንግዶቹ መሃል ተቀመጠ፤ ፊቱ በደስታ አበራ።

ሰዎቹ ግን ጠግበው ነበር። ገና ሁለቴ እንደጎረሰ አንደኛው እንግዳ “አልሐምዱሊላህ” ብሎ ተነሳ፤ ሌላውም ተከተለው። ዑመይር ሱቁን ክፍት ትቶ ስለመጣ የሙዝደሊፋን ትከሻ ቸብ አድርጎ ወጣ። መሕቡባ እንግዶቹን አስታጥባ፣ ሸኝታ ስትመለስ ወንድሟ ትልቁ ትሪ ፊት ብቻውን ተቀምጧል። ከፊቱ ያለውን ጨርሷል፤ የሌሎቹን ቦታ አልነካም።

“ብላ እንጂ ሙዜ። ሁሉም ያንተ ነው።”

“የነሱ ነው” አላት። “ሲመለሱ ይበሉታል።”

መሕቡባ ጠግባ ነበር። ቢሆንም አጠገቡ ቁጭ አለችና መብላት ጀመረች።